ሦስተኛው «በቃኝ»

ከሚዛን ልወጣ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ ቤታችን ውስጥ ትልቁ ጭንቀት የእኔ መሄድ ሳይሆን የሻንጣዬ ክብደት ነበር። አየር መንገዱ ከተወሰነው ኪሎ በላይ አልጭንም ብሏል፤ በሰፈራችን ደግሞ ሻንጣ የሚያህል ነገር የሚመዝን ሰው የለም። «በሚዛን ከተማ አንድ ደህና ሚዛን ይጥፋ?» እያሉ ለስንብት የመጡት ጎረቤቶች አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ያንኑ ቀልድ ይደግሙታል። እማዬ ገበያ ላይ ኮረሪማ፣ እርድና ጥምዝ ስለምትሸጥ ያለችን የእሷ የቅመም ሚዛን ብቻ ናት። ስለዚህ ልብሴን እንደ ኮረሪማ በኪሎ በኪሎ እየመዘነች ከተተችው። ሹራቤ ላይ ስትደርስ አንዷ ጎረቤታችን «መርቂላት እንጂ!» ብትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር እማዬ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ዚፑን እየዘጋች ምክሯን ጀመረች። ስለ ወንድ ወይም ስለ ሃይማኖት ትመክረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ስሚ» አለችኝ፣ «ሰው ቤት ስትገቢ ቶሎ እሺ እንዳትዪ። ብዪ ሲሉሽ በቃኝ በይ። ደግመው ሲሉሽ ኧረ በቃኝ በይ። በሦስተኛው ትንሽ ቅመሽ። ርሃብተኛ አሳድጋ ላከችብን እንዳይሉኝ።»

«እሺ እማዬ» አልኩ። እንግዲህ በባዕድ አገር ያየሁት መከራ ሁሉ የመጣው ይቺን ምክር አክብሬ በመያዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሲነጋጋ መናኸሪያ ደረስን። እማዬ አላለቀሰችም። ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ከወረወረው ረዳት ጋር ስትጣላ እኔን ለመሰናበት ጊዜ አጣች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየኋት፤ አሁንም ወደ ጣሪያው እየጠቆመች ትቆጣ ነበር። ቦንጋን አልፈን ጫካው ወደ ኋላ ሲቀር ነው እኔ ያለቀስኩት፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ደግሞ መኪናው እያጥወለወለኝ መስሏቸው ላስቲክ ሰጡኝ።

አውሮፕላኑ ላይ ፈተናው ተጀመረ። አስተናጋጇ ዶሮ ወይስ ፓስታ ብላ ጠየቀችኝ። «አይ፣ በቃኝ» አልኩ ፈገግ ብዬ። ፈገግ ብላ አለፈች። ስትመለስ ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ የወንበሬን ጠረጴዛ ዘርግቼ ጠበቅሁ። ስትመለስ የሰበሰበችው ባዶ ዕቃ ነበር። በዚህ ሁኔታ ከቦሌ እስከ አምስተርዳም የሰው ዶሮ እያሸተትኩ ሄድኩ።

ሆላንድ የሄድኩት ለትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲ ቴፒ ግቢ ዕፅዋት ስላጠናሁ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ አትክልት ማብቀል የሚያስተምር ኮርስ አግኝቼ ነበር። በኋላ በዚያው በአንድ የቃሪያ እርሻ ተቀጠርኩና ቀረሁ። የእነሱን ቃሪያ ብታዩት ያሳዝናችኋል። የሰው ጭንቅላት ያህላል፣ ቢነክሱት ግን ምንም አያቃጥልም።

የተከራየሁት ቲነከ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትዮ ቤት አንዲት ክፍል ነው። ስሜ ምሕረት ነው፤ ቲነከ ግን አፏ አልገራ ብሏት እስከ ዛሬ «መሬት» ነው የምትለኝ። የመጀመሪያው ቀን፣ ልክ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ድንችና ካሮት አብሮ የተፈጨበት ሁትስፖት የሚሉት ምግብ አቀረበች። «ትበያለሽ?» አለችኝ።

«አይ አመሰግናለሁ፣ በቃኝ።»

«እሺ» አለችና ድስቱን አነሳችው። በሕይወቴ እንደዚያ በፍጥነት የተነሳ ድስት አላየሁም። ቀጥሎ ሻይ መጣ፣ ከሻይ ጋር የብስኩት ቆርቆሮ ተከፈተ። አሁንስ ተምሬያለሁ ብዬ አንድ አነሳሁ። ክዳኑ ቀጭ ብሎ ተዘጋ፣ ቆርቆሮውም ቁምሳጥን ገባ። ለካ እዚያ አገር ብስኩት ከአንድ በላይ አይነሳም፤ ይሄን ደግሞ ማንም አልመከረኝም።

ሰዓት ሳይቆይ አንጀቴ መጮህ ሲጀምር እማዬ የሸከፈችልኝን በሶ ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ውሃ እንኳ ሳልጨምርበት በጣቴ እየዛቅሁ ስቅም ቲነከ መብራቱን አበራችው።

«መሬት! ምንድነው የምትበዪው?» አለች ደንግጣ። በእሷ ዐይን ቡናማ ዱቄት እየቃምኩ ነው፤ ስሜም መሬት ነው፤ አፈር የምትበላ ሴት አከራየሁ ብላ ሳትፈራ አትቀርም።

በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገሩን ሳስረዳት፣ ርቦኝ እንደነበር፣ ሁለቴ ተጨማሪ እስክትጠይቀኝ እንደጠበቅሁ ስነግራት፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች። «ይሄን ዕወቂ» አለችኝ፣ «እዚህ አገር አይ ማለት አይ ነው። ርቦሽ አይ ካልሽ ተርበሽ ታድሪያለሽ። ደግሞ የሚጠይቅሽ ሰው የለም፤ ደግሞ መጠየቅ ብልግና ነው።»

ብልግና! እኛ አገር አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ድስት የሚያነሳ ሰው ስሙ እስከ ማሻ ይሄድ ነበር።

ይሁን እንጂ የለመዱት ልማድ በአንድ ሌሊት አይለቅም። በሳምንቱ ማዘጋጃ ቤት ለመመዝገብ ስሄድ፣ ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ በእንግሊዝኛ «አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«አይ፣ አትቸገሩ» አልኩት። ጨዋ ልጅ ነኛ!

«በጣም ጥሩ» አለና የቀረውን ሁሉ በሆላንድኛ አወራኝ። እኔም በየመሃሉ «ያ፣ ያ» እያልኩ ራሴን ስነቀንቅ ቆየሁ። በኋላ ቲነከ ወረቀቱን ስታነበው ሁለት ውሾች እንዳሉኝ ተስማምቼ ወጥቻለሁ። ለእነሱ ውሾች ግብር አለ። የሌሉኝን ውሾች ለማሰረዝ አፍስፕራክ፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ያስፈልጋል ተባልኩ። ቀጠሮው ላይ ደግሞ ያው ሰውዬ «ውሾቹ ምን ሆኑ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልነበሩም» ብለው ማመን አቃተው። «ሞቱ» ስለው ግን አዝኖልኝ ወዲያው ሰረዘልኝ።

ዓመቱ እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ። ቋንቋውን ቀስ በቀስ ለመድኩት፤ ዝናቡንም ለመድኩ ልበል። የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ አስፈራርቶ፣ አጥቦን ይሄዳል፤ የእነሱ ግን ቀኑን ሙሉ በጎን እየመጣ ፊት ላይ ይተፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ ጋ እደውላለሁ። «ደህና ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ።» «የጎደለ አለ?» «ምንም።» «ልምጣ እንዴ?» «ኧረ አትልፊ፣ ሥራሽን ያዢ።» በዚሁ ስልኩ ይዘጋል።

ቲነከ የአንድ የበጎ አገልግሎት ክበብ ጸሐፊ ናት። ነገሩ ሟች የሌለበት እድር ነው ብትሉ አትሳሳቱም። አባሎቹ አብዛኞቹ ጡረተኞች ሲሆኑ አረጋውያንን ሐኪም ቤት ያመላልሳሉ፣ ለስደተኞች አሮጌ ብስክሌት ይጠግናሉ፣ ፓንኬክ ጋግረው በመሸጥ በየዓመቱ በሩቅ አገር አንድ ሥራ ይሠራሉ። እኔንም ለሽማግሌዎች ሾርባ እንዳመላልስ አስገቡኝ። ሾርባውን ሳቀርብ ሁሉንም ሰው ሦስት ሦስቴ ስለምለምን፣ አንድ አዛውንት «ይቺ ልጅ ልትገድለኝ ነው» ብለው ከሰውኛል። ስብሰባቸው በዙም ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ጀምረውት፣ ቤታቸው ለመኪና ማቆሚያ እንደማያስከፍል ሲደርሱበት በዚያው ቀሩ። ሊቀመንበሩ ሄንክ ዕድሜውን ሙሉ በውሃ ግድብ ሥራ የኖረ ረጅም ሽማግሌ ነው። በአዳራሽ ዘመን ይደውላት የነበረችውን ትንሽ ደወል አሁንም ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይደውላታል።

አንድ ቀን ለቲነከ ስለ እናቶች ማቆያው ነገርኳት። ከሚዛን ወጣ ብሎ ባለች ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አንዲት ቤት አለች፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ እዚያ ይቆያሉ። እማዬ ምግብ የሚያበስሉላቸውና ውሃ የሚቀዱላቸው በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ሊቀመንበር ናት። ምንጩ ያለው ከቁልቁለቱ ሥር ነው፤ በክረምት መንገዱ ዳጥ ይሆናል፤ ሴቶቹ ሲያልቅባቸው ነፍሰ ጡሮቹ ራሳቸው ጀሪካን ይዘው ይወርዳሉ። ከላይ ካለው ሌላ ምንጭ ቱቦ ቢዘረጋና አንድ ሮቶ ቢቀመጥ ጣጣው ሁሉ ያልቃል። ቲነከ ጉዳዩን ለክበቡ አቀረበችው። ግን ሌላም አመልካች ነበረ፣ በሌላ አገር ያለ ትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳ ይፈልጋል። ክበቡ ሁለቱንም በዙም ሰምቶ አንዱን ብቻ ሊመርጥ ወሰነ።

ከስብሰባው በፊት ቲነከ አስጠነቀቀችኝ። «ቃል በቃል ተርጉሚ። ባለፈው ለዚያ ስደተኛ ቤተሰብ ስትተረጉሚ ሄንክ ሦስት ቃል ተናግሮ አንቺ ንግግር አደረግሽ።»

«እሺ» አልኩ። አስተርጓሚ አልፈልግም ያልኩት እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ቲነከ ከሳሎኗ እኔ ከክፍሌ ሆነን፣ ተሰበሰብን። ከጤና ጣቢያው አዋላጇ ሲስተር አበበች ስልኳን መደርደሪያ ላይ አቆመችው። መጀመሪያ ጣሪያ ታየ። ከዚያ የእማዬ ግንባር። ከዚያ ሙሉ እማዬ፣ ለጥምቀት የምታወጣውን ነጠላ ለብሳ፣ ከኋላዋ ሴቶቹ ተደርድረው። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

«ድምፁን ክፈቺው!» አልን ሁላችንም በሁለት ቋንቋ።

«...እግዚአብሔር ይመስገን!» ብሎ ድምፁ መጣ። እማዬ ሰላምታውን ከየት እንደጀመረችው አላወቅንም፣ መጨረስ ግን አልቻለችም። በየሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ካልጠየቅሁ አለች። «ቀይ ሹራብ የለበሱት እንዴት ሰነበቱ? መነጽር ያደረጉትስ? ልጆች ደህና? እኚያ ድመት የያዙትስ?» እኔ ቃል በቃል እተረጉማለሁ፤ ፈረንጆቹ በየተራ ስለ ጤናቸው ያስረዳሉ። አንዱ ጉልበቱን በቀዶ ሕክምና ማስቀየሩን ሲነግራት «እሰይ! እግዜር ይማርዎ» አለችው። ሄንክ ሰዓቱን እያየ ደወሏን ነካካት።

«ሄንክ፣ አንድ ጊዜ ታገሥ» አልኩት።

እማዬ ይሄን ስትሰማ ስሙን ለየችው። «ሽማግሌውን በስማቸው ነው የምትጠሪያቸው? ደግሞ ሳትፈሪ?»

«እዚህ እንደዚያ ነው እማዬ።»

«ጉድ ነው» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ።

በመጨረሻ ሄንክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሮ፣ ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህ ቱቦ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል? አዎ ወይም አይ።»

ተረጎምኩ። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አንገቷን ደፋ አደረገች። እኔ ያን ጊዜ ምን ልትል እንደሆነ ዐወቅሁ።

«ኧረ እኛ ምን ጎደለን!» አለች። «እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልን። ውሃውማ ሞልቷል፣ ታች አለ። በከንቱ አትቸገሩ፣ በቃን።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ራሳቸውን እየነቀነቁ አጸደቁላት። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ቃል በቃል ተብያለሁ። ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ሄንክ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። «ግልጽ ነው» አለ። «ቀጥተኛ ሰው ናት፣ ወድጃታለሁ። ቲነከ፣ አያስፈልግም ብለዋል ብለሽ ጻፊ። ወደ መጫወቻ ሜዳው እንለፍ።» ደወሏ ጮኸች።

«ቆይ!» ብዬ ተነሳሁ፤ ስነሳ ከካሜራው ወጥቼ የታየው ሆዴ ብቻ ነበር። «ሄንክ፣ ደግመህ ጠይቃት!»

«መልሳልኛለች እኮ።»

«አልመለሰችም! አንደኛው ነው! ሦስት ጊዜ መጠየቅ አለባት!»

«አንዲትን ትልቅ ሴት አይ ካለች በኋላ እንዴት እለምናታለሁ? ክብሯን መንካት ነው።»

«አለመለመን ነው ክብሯን መንካት!»

በየሳጥኑ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ድመት የያዙት ሰውዬ ደንቡ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም አሉ። ያን ጊዜ ቲነከ ድምፅዋን ከፈተች። «ሄንክ» አለች፣ «ይቺ ልጅ የመጀመሪያው ቀን ቤቴ በቃኝ ብላኝ ድስቱን አነሳሁባት። ከዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ደረቅ ዱቄት ስትቅም አገኘኋት። ደግመህ ጠይቅ።»

ሄንክ ፊቱ ቀላ። «ወይዘሮ» አለ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ቱቦው ያስፈልጋችኋል?»

«ኧረ በፈጣሪ! አይገባም» አለች እማዬ፤ ድምፅዋ ግን ለስለስ ብሎ ነበር።

«እንደገና» አልኩት።

«ወይዘሮ፣ እባክሽ» አለ ምስኪኑ ሄንክ፣ እንደ ልጅ እየተሽኮረመመ።

እማዬ ወደ ሴቶቹ አየች። «እንግዲህ... ካላችሁስ» አለች፣ «ትንሽ ቱቦ ብትሆን አንጠላም።»

ይሄኔ ሲስተር አበበች ትዕግሥቷ አልቆ ስልኩን ከመደርደሪያው ላይ አነሳችው። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። «ምን ትንሽ ቱቦ ትላለች! ሮቶም እንፈልጋለን። ባለፈው ክረምት ሁለት ነፍሰ ጡሮች ዳጡ ላይ ወድቀውብኛል። ይቺው ሊቀመንበራችንም ጀሪካን እንደያዘች ተንሸራታ ወገቧን ተጎድታ፣ ይኸው እስከ ዛሬ እያነከሰች ነው የምትወርደው!»

መተርጎሜን ረሳሁት። «እማዬ፣ ወድቀሻል?»

«ኧረ ትንሽ ነው። ይቺ ሴትዮ ነገር ታጋንናለች። ይሄን ለሰዎቹ እንዳትነግሪ።»

«ምን አለች?» አለ ሄንክ። «ቃል በቃል።»

«እንዳትነግሪያቸው አለች» አልኩ። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ደህና ነኝ ስትለኝ የነበረው ያንኑ ወገቧን ይዛ ነው። ቲነከ የእኔን ድምፅ ዘጋችልኝ። ደግ ሴት ናት። ማልቀሴ ታየ እንጂ አልተሰማም።

ድምፅ ሲሰጥ ሁሉም እጁን አወጣ፣ መጫወቻ ሜዳው ለመጪው ዓመት ተላለፈ። ሄንክ ጭራሽ ባሰበት። «የምትቃወሙ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀና፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ ሁለቴ ደገመው።

እማዬ ደግሞ ዕዳ አትወድም፤ ለክበቡ ቡናና ማር ልላክ አለች። ሄንክ «አመሰግናለሁ፣ አያስፈልግም» ብሎ አጥብቆ መለሰ። ስተረጉምላት ሳቀች። «ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። ገና አንደኛቸው ነው» ብላ ላከችው። ማሩ ጉምሩክ ላይ ቀረ፤ ቡናው ግን ደረሰ፣ ሄንክም ሦስተኛ ስኒ ሲጠጣ በዐይኔ አይቻለሁ።

የበጋው ወራት ሳያልቅ የሰፈሩ ሰው ቦዩን ቆፈረ፣ ቱቦው ተዘረጋ፣ ሮቶው ተሰቀለ። ባለፈው ቅዳሜ ስደውል እማዬ ማቆያው ግቢ ውስጥ ነበረች። የቧንቧውን ድምፅ ልታሰማኝ ስልኩን አስጠጋችው። ውሃው ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ሲሄድ እሰማለሁ።

«ወገብሽስ?» አልኳት።

«ደህና ነው።»

«ወገብሽስ?»

«አሁን ይሻለኛል።»

«እማዬ፣ ወገብሽስ?»

«ሌሊት ሌሊት ያመኛል» አለች። ቀጥላ «አንቺስ ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«እግዜር ሲል፣ መቼም አይቀርም፣ እስቲ ነገሮች...»

«ተይ ተይ» አለችኝ። «እንደ ሽማግሌው ልጠይቅሽ። አዎ ወይም አይ።»

የመኖሪያ ፈቃዴ ለእድሳት ገብቷል፤ እስኪወጣ ከአገር አትውጪ ተብያለሁ። መቼ ይወጣል ብዬ ብጠይቅ ለመጠየቅም አፍስፕራክ ያስፈልጋል አሉኝ። ይሄን ሁሉ ግን አልነገርኳትም።

«አዎ» አልኩ።

«እኛ አገር አንዴ የተባለ አይታመንም። ድገሚው።»

«አዎ፣ እመጣለሁ።»

ሦስተኛውን ልል አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ ግን አልመጣ አለኝ። እማዬ ጠበቀችኝ። ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ ይሰማኛል፤ ቧንቧውን የሚዘጋው ሰው አልነበረም።

«ተይው በቃ፣ ልጄ» አለችኝ። «ሁለቱ ይበቃኛል።»